ውሃው የሚከተለው ሰው

ጥር 8

እንደማንኛውም ቀን። ጠዋት የካቢኔ ስብሰባ፣ ከሰዓት ጉብኝት፣ በመሃል ሻይ፣ ሻይ፣ ሻይ። የውሃ ቢሮ ኃላፊው ሪፖርት አቀረበ። "አበረታች" የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደሚል ምክትሌ ጠረጴዛ ሥር በጣቱ ሲቆጥር አይቼ ሳቄን በሳል ሸፈንኩ። አጨበጨብን። ተበተንን።

ከሰዓት ላይኛው ሰፈር የቧንቧ ምረቃ ነበር። ከፈትኩት፤ ፏ አለ። ካሜራ ፊት እጄን ታጠብኩ። ሁሉም ሲያጨበጭብ አንዲት ሴትዮ ብቻ ባልዲ አቀረበች። ሞልታ ሄደች፣ ሌላ ባልዲ ይዛ እየሮጠች መጣች። ምን እንዲህ ያጣድፋታል? አልኩ በሆዴ።

ማታ ላይ ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ደወለች። ውሃ ከጠፋብን ሰነበተ አለች። አሁን በእጄ ነክቼው መጣሁ፣ እንዴት ይጠፋል? አልኳት። ሳቀች። "አንተ ጋማ ምን ይጠፋል፣ ጭምቱ።" ጭምቱ የሚለኝ ሌላ ሰው የለም። ለቀረው ሁሉ ክቡር ነኝ... ሦስት ዓመት ሞላኝ፣ ርዕሰ መስተዳድር ተብዬ ክቡር ከሆንኩ።

ጥር 12

እሑድ። እትዬ ጋ ምሳ። ያቺው ሁለት ክፍል፣ ያው የልብስ ስፌት መኪና መስኮቱ ሥር። እናታችን ስትሞት በዚያ መኪና ነው ያሳደገችኝ፤ የሰው ልብስ እያጠበበች፣ የእኔን እያሰፋች። ቤት ልቀይርልሽ ስላት "መስኮቱን ታመጣልኛለህ?" ትላለች። ሁልጊዜ እንደዚህ ናት።

ጊቢው ውስጥ ያለውን ቧንቧ ከፈትኩት። ወረደ። ይኸውልሽ! አልኳት፣ ክርክር እንደረታ ልጅ። "አንተ ስትመጣ ይመጣል እኮ" አለች። "ቶሎ ቶሎ ብትመጣ ምን ነበረበት?"

ወቀሳ መሰለኝ። ልክ ናት፣ ጠፍቼባታለሁ። እግሯ አብጧል። አምና ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ትሄዳለች። በክልሉ ያለው የእጥበት ክፍል አንድ ነው፣ እዚሁ ከተማችን ሆስፒታል። መርቄ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ያኔ ለሷ እንደሚሆን ማን አወቀ...

ጥር 16

ስብሰባ በዝቷል ተባለ። በጉዳዩ ላይ ስብሰባ ተጠራ።

ጥር 20

የእትዬ እጥበት ዛሬ ተቋረጠ። ማሽኑ ላይ እያለች፣ ግማሽ እንኳን ሳትደርስ ውሃ ሄደ። ማሽኑ ያለ ውሃ አይሠራም። ነቅለው ወደ ቤቷ ላኳት። እሷ አልነገረችኝም። የደወለችልኝ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተሯ ናት። "እኔ ነገርኩዎት እንዳይሉብኝ" አለችኝ። ለማን እላለሁ? ከእኔ በላይ እዚህ ማን አለና?

የውሃ ቢሮ ኃላፊውን ጠራሁት። ጊዜያዊ ክፍተት ነው፣ በትኩረት እየተሠራ ነው፣ ሆስፒታል ቅድሚያ የሚሰጠው ተቋም ነው... ይኼን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ። እኔ በወሬ አላምንም። በዓይኔ ማየት ነው ልማዴ፤ በዚህም እኮራ ነበር። ተነሳሁ። ሹፌሩ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና ሄድን።

ስንደርስ ይወርዳል። ሁሉም ቧንቧ። ሲስተሯ አንዱን ከፈተችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። "እርስዎ ሲመጡማ..." ብላ ጀመረች። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር አሳለው። ቧንቧውን መልሳ ዘጋችው።

እትዬም እንዲሁ ነበር ያለችው። እኔ ስመጣ... ምን?

ጥር 24

ዛሬ ሹፌሬን ዋሸሁት። ወደ ሆስፒታል ንዳ አልኩት። እንደ ልማዱ ስልኩን ነካ ነካ። እትዬ ሰፈር መታጠፊያ ላይ ስንደርስ፣ ቁም አልኩት። "ክቡር፣ ፕሮግራሙ ላይ..." እግሬን ላፍታታ ነው ብዬ ወረድኩ። አጥር ለአጥር ሄድኩ። አንድ ውሻ ጮኸብኝ። ደስ አለኝ፤ እሱ ፕሮግራም አልደረሰውም።

እትዬ ጨርቅ እየቀደደች ነበር። ሰላም እንኳን ሳልላት ቧንቧው ጋ ሄጄ አዞርኩት። አንዴ ሲጥ አለ። ከዚያ ምንም። ይበልጥ አዞርኩት። ወፍ የለም።

ርዕሰ መስተዳድር ከሆንኩ ደረቅ ቧንቧ ሳይ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። እጄ ቧንቧው ላይ ቀረ። እትዬ በሩን ተደግፋ "እንኳን ደህና መጣህ" አለችኝ። እንግዳ እንደሚቀበሉት። ጎረቤቷ ደግሞ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ "ጋሼ፣ ምነው መኪናውን በር ድረስ ሳያመጡት? የሚታጠብ ልብስ ከምሬ ነበር እኮ!"

ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። መኪናዬ ሲታይ ባልዲ ይወጣል። ላይኛው ሰፈር ያቺ ሴትዮ ለምን እንደሮጠች አሁን ገባኝ።

ከዚያ ሆስፒታል ሄድኩ። እዚያ ይወርድ ነበር። ይጠብቀኝ ነበር።

ጥር 25

የውሃ ቢሮ ኃላፊው የምር ደነገጠ። "ክቡር... የሚያውቁ መስሎኝ እኮ ነው!"

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኔ ፕሮግራም ሲወጣ አንዱ ግልባጭ ለጥበቃ፣ አንዱ ለውሃ ቢሮ ይሄዳል። የምሄድበት ሰፈር መስመር ይከፈታል፤ ሌላ ቦታ ይዘጋል። ድንገት አቅጣጫ ከቀየርኩ ሹፌሩ መልእክት ይልካል። ከእኔ በፊት ለነበረው፣ ከእሱም በፊት ለነበረው እንዲሁ ሲደረግ ኖሯል። "ርዕሰ መስተዳድር ደረቅ ቧንቧ ፊት አይቆምም፣ ክቡር።" የት ተጽፏል? አልኩት። "የትም አልተጻፈም። ግን ማንም ረስቶት አያውቅም።"

ሌላውንም ተናገረ፤ አንዴ ከጀመረ አላቆመም። የግድቡ ትልቁ ፓምፕ ከተቃጠለ ቆይቷል፣ ግዢው ማዕከል፣ ዋናው ከተማ ነው የሚፈጸመው። ከሚመጣው ውሃ ሲሶውን የለስላሳ ፋብሪካው ይወስዳል፣ ፋብሪካው ደግሞ የማዕከል ሰዎች ነው። የቀረው በፈረቃ... የቀረው ማለት እኔን ተከትሎ።

የሆስፒታሉ መስመር ቀን ከሌት እንዳይዘጋ ብዬ አዘዝኩ። ፈረምኩ፣ ማኅተም አስመታሁ። "እሺ ክቡር" አለ። እሺ ሲል ፊቱ ላይ ያየሁት ምን ነበር? ያዘነልኝ መሰለኝ።

ጥር 30

ትዕዛዜ ሳምንት እንኳን አልሞላትም። ፋብሪካው ምርት ቀነሰ፣ ከማዕከል ለውሃ ቢሮ ስልክ ተደወለ፣ አለቀ። የእትዬ እጥበት እንደገና ተቋረጠ።

እኔም ደወልኩ። ያገኘሁት ልጅ እግር ድምፅ ነው፣ ጨዋ። "አቅጣጫ ይሰጥበታል ክቡር፣ ይጠብቁ።" ፓምፑስ? "በሂደት ላይ ነው።" ሰው እየሞተ ነው አልኩት። "ተረድተናል" አለኝ። ምኑን ነው የተረዳው?

በዚህ ክልል የበላዩ እኔ ነኝ ይባላል። ከፊርማዬ በኋላ የሚደወል ስልክ ሁሉ ግን ይበልጠኛል። እትዬ ጫማ እምቢ ብሏት በነጠላ ጫማ ነው የመጣችው። "እግሬ ሹመት አግኝቶ ነው፣ አበጠ" ትላለች። እኔን ለማሳቅ። አልሳቅኩም።

የካቲት 3

ሲነጋጋ አልጋዬ ላይ ሆኜ መጣልኝ። ቀላል ነው። ያስቃል። ፊርማዬን ይሽሩታል፤ እኔ የተቀመጥኩበትን ቧንቧ ግን ማንም ደፍሮ አይዘጋም።

ጸሐፊዬን ጠራኋት። ፕሮግራሜን እንዲህ ብለሽ አውጪ፤ ነገ ጠዋት የሆስፒታል ጉብኝት። ከሰዓት የሆስፒታል ጉብኝት። በማግሥቱም። "እስከ መቼ ክቡር?" ማብቂያ አትጻፊ። እስክሪብቶዋን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ገባት። "ለውሃ ቢሮ ግልባጭ ይሂድ?"

በተለይ ለእነሱ።

የካቲት 4

ተቀመጥኩ። የእጥበቱ ክፍል ጥግ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ። ጠባቂዎቹ በር ላይ። ዳይሬክተሩ እየተርበተበተ "ክቡር፣ ምኑን ነው የሚጎበኙት?" አለኝ። ግድግዳውን፣ አልኩት።

ከእትዬ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ አንድ ጡረተኛ የባቡር ነጂ አለ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያየኝ ቆየና፣ "እኛስ ማሽን ላይ ታስረን ነው። እርስዎን ማን አሰረብን?" አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም።

እትዬ ግን አልሳቀችም። "ሥራ የለህም?" ይኸው ሥራዬ አልኳት። ፊቷን አዞረች። እያለቀሰች ነበር መሰለኝ... አልጠየቅኳትም። ውሃው አልተቋረጠም። ሙሉ እጥበት አደረገች። ስትነሳ ፊቷ የሰው ፊት ሆኖ ነበር።

የካቲት 11

ፋይል ወደዚህ ይመጣል። ጉልበቴ ላይ እፈርማለሁ። እንግዳ እዚህ አነጋግራለሁ፤ ማሽኖቹ ጩ ጩ ሲሉ ንግግር ያሳጥራሉ፣ ይኼም ጥቅም ነው። ባቡር ነጂው ከእያንዳንዱ ባለጉዳይ በኋላ ፍርድ ይሰጣል። "ያ ውሸታም ነው።" "ይቺ እውነቷን ነው፣ ይርዷት።" ከአማካሪዎቼ ብዙም አይለይም፤ ይኼኛው ደመወዝ አይበላም እንጂ።

ምክትሌ በየቀኑ ብቅ ይላል። ሽቶው ቀድሞት ይገባል። ምንም ነገር ላለመንካት እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ይቆማል። "ቢሮው ያለ እርስዎ ባዶ ሆነ እኮ፣ ክቡር።" አንተ አለህ አይደል? ስለው ፈገግ አለ።

የእትዬ እብጠት ጎድሏል። በነገር መውጋቷን ጀምራለች። ይኼ ጥሩ ምልክት ነው።

የካቲት 17

ዛሬ ባዶ ጀሪካን የያዘች ሴት ጠባቂዎቹን ገፍታ ገባች። ከታችኛው ሰፈር ጤና ጣቢያ ነው የመጣችው፣ አዋላጅ ናት። ውሃ የላቸውም። "መስመሩ ወደዚህ ስለዞረ ነው አሉን። እርስዎ እዚህ ስለተቀመጡ።" አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "እኛም ጋ ትንሽ ይቀመጡልን፣ ጋሼ። ወንበሩን እኛ እናመጣለን።"

ሄድኩ። እዚያ ወረደ። አንዲት አራስ ልጇን ሲያጥቡላት አየሁ። ስመለስ ሆስፒታሉ ደርቆ ሲስተሯ ኮሪደሩ ላይ እየተንቆራጠጠች ነው። "አንድ ታካሚ ከማሽን ነቀልኩ" አለችኝ። ያን ሰው ማን ነቀለው? እኔ ነኝ፤ ከወንበሬ በመነሳቴ። ያቺን አራስስ ማን አጠጣት? እኔው። ይኼ ሥልጣን ነው? እንዲህ ያለ ሥልጣን ለጠላቴም አይስጠው።

ተከፋፈልኩ። ጠዋት እዚህ፣ ከሰዓት እዚያ። ጠዋቱን ለሆስፒታሉ የሰጠሁት የእትዬ ተራ ጠዋት ስለሆነ ነው። ሌላ ምክንያት ልጽፍ ነበር፤ ለማን ብዬ?

የካቲት 20

ወሬው ተዛመተ። ትምህርት ቤት፣ ማረሚያ ቤት፣ ላይኛው ሰፈር፣ ሁሉም ይቀመጡልን ይላሉ። ከአንድ ቀበሌ የመጡ ሽማግሌ፣ "ኮትዎን ብቻ ቢልኩልንስ?" አሉኝ። ቀልዳቸውን አልነበረም። መኪናዬን ባዶዋን ወደዚያ ላክን። ትንሽ ወረደና ተዘጋ። ባዶዋን መሆኗን ማን እንደነገራቸው እንጃ።

የካቲት 24

ከማዕከል ተደወለ። ይኼኛው ልጅ እግሩ አይደለም። አለቃው ነው፣ አንተ ነው የሚለኝ።

"የት ነህ?" ሆስፒታል። "ታመሃል?" አልታመምኩም። "ርዕሰ መስተዳድር ነህ ወይስ አስታማሚ?"

ምን ልበለው? ሁለቱንም መሆን አቅቶኛል። ፋብሪካው አንዱን የማምረቻ መስመር አቆመ አለኝ። ፓምፑን ላኩልኝና ዛሬውኑ ቢሮዬ እገባለሁ አልኩት። "ሐሙስ እዚህ እንድትገኝ። ስትመጣ እንነጋገራለን።"

ሐሙስ የእትዬ ተራ ነው። ስነግራት "ሂድ" አለች፣ "አንድ ቀን ቢቀርብኝ አልሞትም።" ባቡር ነጂው ግን ጣሪያውን እያየ፣ "አንድ ቀን ስንት ሰዓት እንደሆነ እዚህ ሲተኙ ነው የሚታወቀው" አለ።

ከሄድኩ ፓምፑ ይገኝ ይሆን? ወይስ ሻይ አጠጥተው ይመልሱኛል? እዚህ ብቀር ዛሬን አድናለሁ። ብሄድ ምናልባት... ምናልባት! ምናልባትን እስከዛሬ ለሰው ሳድል ነው የኖርኩት። ለእህቴ ግን ምናልባት መስጠት አቃተኝ።

የካቲት 26

ሐሙስ። አልሄድኩም። እትዬ ሙሉ እጥበት አደረገች።

የካቲት 28

ጠዋት ነው። እትዬ ማሽን ላይ፣ ባቡር ነጂው ማሽን ላይ፣ እኔ ወንበሬ ላይ። ስለ ልጅነታችን እያወራችልኝ ነበር፣ ሱሪዬን ገልብጬ ለብሼ ትምህርት ቤት የሄድኩበትን ቀን። ሲስተሯ እጇን ልትታጠብ ቧንቧውን ከፈተች። ሲጥ አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ወደ ራሴ ተመለከትኩ፤ ኮቴን፣ እጄን። አለሁ እኮ! እዚህ ተቀምጫለሁ እኮ! የውሃ ቢሮ ኃላፊው ጋ ደወልኩ። ስልኩ ዝግ። በመስኮት አየሁ፤ መኪናዬ ቦታዋ ላይ የለችም። በር ላይ ያሉት ጠባቂዎች ዓይን ለዓይን ተያዩና አንደኛው ቆቡን አስተካከለ። ማሽኖቹ ተራ በተራ መጮህ ጀመሩ።

"ጭምቱ" አለች እትዬ ቀስ ብላ፣ "አነሱህ መሰለኝ።"

ጸሐፊዬ ከምሳ በኋላ ነው የደወለችው፣ እያለቀሰች። በምትኬ ምክትሌ ተሹሟል። ክቡር ልትለኝ ብላ መሃል ላይ ተወችው። ምስኪን... ቧንቧው እንደቀደማት አልነገርኳትም።

መጋቢት 2

የመንግሥት ቤቱን አስረከብኩ። ባለቤቴ ልጆቹ ጋ ማዕከል ናት፤ ና አለችኝ። እትዬን ጥዬ የት እሄዳለሁ? ይዣትስ? እዚያ ያለው ሆስፒታል ወረፋ መዝግቦናል፣ ሲደርስ ይደውላሉ። መዝጋቢው ማን ልበል ሲለኝ ስሜን ነገርኩት። የማን ስም እንደሆነ አላወቀውም።

ሹፌሩ ሻንጣዬን እትዬ ቤት ድረስ አደረሰልኝ። ከሥራ ሰዓቱ ውጪ በሚነዳት ታክሲ። "ጋሼ፣ ያ ስልክ... ሥራዬ ሆኖብኝ ነው" አለ። አውቃለሁ አልኩት። ዓይኑን ጠራርጎ ሄደ።

ስፌት መኪናው አጠገብ ፍራሽ ተዘረጋልኝ። መስኮቱ ደስ ይላል። ለካ እውነቷን ነው።

መጋቢት 5

ውሃ እንቀዳለን። ከወንዙ ዳር ጉድጓድ እስከ ሆስፒታሉ ታንከር፣ በጀሪካን። የታካሚ ዘመዶች ሁሉ፣ የባቡር ነጂው ሴት ልጅ፣ ያቺ አዋላጅ ሳትቀር። እኔም። ትከሻዬ ተልጧል። የቀኑን ሙሉ ድካም ማሽኖቹ ባንድ ጊዜ ይጠጡታል። ሲስተሯ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ አካፈለች። የእትዬ ተራ ወደ ሩብ ወረደ። ሩብ እጥበት ምን ያጥባል?

መጋቢት 8

ቢሮዬ ሄድኩ... ቢሮው ሄድኩ። ለባለጉዳዮች ያስገዛሁት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ይቆረቁራል። ተቀምጬበት አላውቅም ነበር።

ጸሐፊዋ ሻይ አመጣችልኝ። ማንም ባለጉዳይ ሻይ አይመጣለትም፤ አፈርኩ፣ ጠጣሁትም። ወደ ማምሻው ላይ ምክትሌ የነበረው አስገባኝ። ሽቶው ያው ነው። "ጋሼ!" ብሎ ተነሳልኝ። ትናንት ክቡር፣ ዛሬ ጋሼ። ይሁን።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ለመንኩት። ፓምፕ አልጠይቅህም። ትዕዛዝም አልጠይቅህም። በሳምንት ሦስት ጠዋት ብቻ፣ እዚያች ወንበር ላይ ተቀመጥልኝ። ፋይልህን ይዘህ ና። ታውቀዋለህ፣ አይተኸዋል። ልንበረከክልህ? አልኩት። ተነስቼም ነበር።

ክርኔን ይዞ አስቀመጠኝ። "ጋሼ፣ እርስዎን ያስነሳዎት እኮ እሱ ወንበር ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ፈርቷል። "ግን አንድ ቀን ብቅ እላለሁ። በፕሮግራም ይያዝልዎታል።"

ወጣሁ። በፕሮግራም ይያዛል... ስንቱን ሰው እንዲህ ብዬ ሸኝቻለሁ?

መጋቢት 11

የባቡር ነጂው አልጋ ባዶ ነው። አንሶላው ተቀይሯል።

መጋቢት 14

እትዬ ትንፋሽ እያጠራት ነው። ትራስ ደራርቤላት ተቀምጣ ነው የምትተኛው። ከማዕከል ወረፋችን አልደረሰም። ዛሬም ደወልኩ፣ ዛሬም ይጠብቁ። ፕሮግራም የሚባለውም ነገር የለም።

ከሰዓት ዓይኗን ገለጠችና እጄን ያዘችኝ። መዳፌን ዳሰሰችው። "ጀሪካን ነው እንዲህ የላጠህ?" አዎ። "ያ ሰሞን ግን ደስ ይል ነበር" አለች። የቱ ሰሞን እትዬ? "ወንበሩ ላይ የተቀመጥክ ሰሞን። በየቀኑ አየሁህ።"

ውጪ ወጥቼ አለቀስኩ። ጎረቤቷ በአጥሩ ላይ አየችኝና አንገቷን መለሰች።

መጋቢት 16

እትዬ አረፈች። ጠዋት። ተራዋ ነበር።

መጋቢት 18

ትናንት ቀበርናት። ዛሬ ጊቢው ውስጥ ወንበር ደርድረን ተቀምጠናል፤ ጎረቤቶቿ፣ ልብስ የሰፋችላቸው፣ ሲስተሯ፣ ጸሐፊዋ፣ ሹፌሩ። ወሬ የለም። አንዳንዴ አንዱ ይተነፍሳል።

ድንገት ቧንቧው ሲጥ አለ።

ሁላችንም ዞርን። አሳለው። ቀይ ውሃ ተፋ። ከዚያ ፏ! ለወራት ጠብ ያላለው ቧንቧ ጊቢው ውስጥ ፏ ብሎ ወረደ። ጎረቤቷ እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና "መጣ" አለች። ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። መኪኖቹ መታጠፊያው ላይ የታዩት ከዚያ በኋላ ነው።

ምክትሌ የነበረው ጥቁር ልብስ ለብሶ መጣ፣ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። "ጋሼ፣ ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው። ፕሮግራም ተጣቦብኝ እንጂ..." ቧንቧውን አየው። ከዚያ ጫማውን አየ። የሚናገረውን አልሰማሁም። አንገቱን አንቄ ውሃው ሥር ልደፍቀው ፈለግኩ። እውነቴን ነው፣ ጣቶቼ ተነሱ። አራት ቀን። አራት ቀን ቀድመህ ብትመጣ፣ እሷ ጋ፣ እዚያ...

በትከሻው ላይ ጎረቤቷን አየኋት። ባልዲዋን ቧንቧው ሥር አስገብታለች። ከኋላዋ ሁለት፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ። ድምፅ የለም፤ ሐዘን ቤት ነው፣ ጀሪካኑን እንኳን ቀስ ብለው ነው የሚያስቀምጡት። ሲስተሯም ተሰልፋለች። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው።

ተቀመጥ አልኩት። የእትዬን ወንበር፣ የስፌቱን፣ ሄጄ አመጣሁለት። ሻይ አልኩ። "አይ ጋሼ፣ አልቆይም..." ተቀመጥ እንጂ፣ ሐዘንተኛ አይደለሁም እንዴ? ተቀመጠ። ወሬ ጀመርኩለት። ስለ መንገድ ሥራው ጠየቅኩት። ስለ በጀቱ። ስለ ልጆቹ፣ በስም በስማቸው። ስለ እትዬ ነገርኩት፣ ሱሪዬን ገልብጬ የሄድኩበትን ቀን፤ አስረዘምኩት፣ የሌለበትን ጨመርኩበት። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። በሕይወቴ እንዲህ አድርጌ ሰው አጫውቼ አላውቅም። ጎረቤቷ በዓይኗ፣ ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ትለኛለች።

ሰዓቱን አየ። ተነሳ። በር ድረስ ሸኘሁት፣ ቀስ ብዬ፣ እግሬ እንደታመመ ሰው። ከኋላዬ ውሃው እየቀጠነ ሲሄድ ይሰማኛል። መኪናው በር ላይ እጁን አልለቅ አልኩት።

"ነገም ና" አልኩት። "ሐዘኔ ገና አልወጣልኝም።"

እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀ። "በፕሮግራም ይያዝልዎታል" አለ።

ሲስተሯ ሁለት ጀሪካን ይዛ በሹፌሩ ታክሲ ወደ ሆስፒታል ሄደች። የቀረነው ያልሞሉትን ባልዲዎች ሰብስበን አጥሩ ሥር ደረደርናቸው።